መቶ ስልሳ አንደኛው ምስል

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሙሉጌታ አሶሳ ያለውን የአኒሜሽን ስቱዲዮውን በር ሲከፍት፣ ኤልያብ ሞቶ ኮምፒውተሩ ይሠራ ነበር።

ልጁ ጠረጴዛው ላይ ክንዱን ተንተርሶ፣ ነጭ ጋቢ ትከሻው ላይ ጣል ተደርጎለት፣ የተኛ ይመስላል። ሙሉጌታ «ዛሬም እዚሁ አደርክ?» ብሎ ሊቆጣ ጠጋ አለና ክንዱን ነካው፤ ቀዝቅዞ ደርቋል። ፊት ለፊት ያለው ስክሪን ላይ ግን ተራራ የከበበው ሐይቅ በትናንሽ ቁራጮች እየተሞላ ይሳላል። የጠዋት ጭጋግ ገና ከውኃው አልለቀቀም፤ ዳር ላይ አንድ ዋርካ ቆሟል። ሙሉጌታ ሬሳውን ትቶ ሐይቁን ሲያይ መቆየቱን ኋላ ሲናገር አፍሮ ነበር።

ዋና ኢንስፔክተር ዘመናይ የነሐሴ ጭቃ እስከ ጣሪያው በረጨው ባጃጅ ደረሰች። ቡለን ተወልዳ ያደገች፣ ከኮት ኪሷ ለውዝ የማይጠፋ፣ ስታስብ የምትፈለፍል ሴት ናት። አብረዋት የሚሠሩ ፖሊሶች «ፍልፈላዋን ካቆመች አንዱ ዋሽቷል ማለት ነው» ይላሉ።

«ማሽኑን ማንም እንዳይነካ» አለች። «የጀመረውን ይጨርስ።»

የኤልያብ ፊት እንደ ሬሳ አልገረጣም፤ ቀላ ብሏል። መነጽሩ ታጥፎ ማኅደሩ ውስጥ ገብቷል። ዘመናይ አጎንብሳ ሸሚዙን አሸተተች፤ የነዳጅ ጭስ ይሸታል። ጋቢውን አሸተተች፤ የሚሸተው ሳሙና ብቻ ነው። ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ሙሉጌታ ለውበት ብሎ የኮሪደሩንም የክፍሉንም ኮርኒስ በቀርከሃ አሠርቶታል፤ በቀርከሃዎቹ መካከል ጣት ያስገባል። ከኋላው በር አጠገብ ኮርኒሱ መዳፍ የምታህል ጥቀርሻ ይዟል። ቤቱ ሁሉ የእሁድ ጭቃ ሆኖ ሳለ ከጥቀርሻው ሥር ያለው ወለል ብቻ ተወልውሏል።

ትንሿ ጄኔሬተር ጓሮ፣ የዘወትር ቦታዋ ላይ ናት፤ ነዳጇ አልቋል። የመጠለያዋን ቆርቆሮ የሐሙስ ነፋስ ወስዶታል። ዘመናይ በአንድ እጇ ዘንበል አድርጋ ከሥሯ ያለውን አፈር አየች። የዝናብ ጠብታ በሳስቶታል።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ የሚያውቀውን ነገራት። «የሞተር ጋዝ ነው። አይታይም፣ ለብቻው አይሸትም። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሄዳል። ትናንት ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ሞቷል።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ «አደጋ ነው» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። ዘመናይ ግን ጓሮ ያለች ጄኔሬተር ግድግዳ አልፋ ሰው እንዴት ገደለች የሚለው አላስተኛትም።

ሙሉጌታን ቢሮው አስቀምጣ ጠየቀችው።

«ይሄ ሐይቅ ለማን የሚሠራ ነው?»

«ለማንም!» አለ ሙሉጌታ፤ ወዲያው ደግሞ ድምፁ ወረደ። «ለአንድ ሽማግሌ ነው። አባ ሞላ ይባላሉ፤ የሸዋሉል አባት። በሰባ ሰባት ድርቅ ከወሎ እዚህ የሰፈሩ ናቸው። ያደጉት አርድቦ የምትባል ተራራ ላይ ያለች ሐይቅ ዳር ነው። ዐይናቸው እየጠፋ ነው፤ ሐኪም ለማየት ከሁለት ወር በላይ አልሰጣቸውም። ኤልያብ ደግሞ ሸዋሉልን ሊያገባ ነበር፣ ለመስቀል ማግሥት። ዐይናቸው ሳይጨልም ሐይቃቸውን አሳያቸዋለሁ ብሎ ማለ።»

«ፎቶ አይበቃም?»

«አምጥተንላቸው ነበር። ‹ይቺ የኔ አይደለችም፣ ዋርካው የታል?› አሉ። የሳቸው ሐይቅ የዛሬ አርባ ዓመቱ ነው ኢንስፔክተር። በፎቶ አይገኝም።»

«ተጣልተህ ነበር?»

«ቅዳሜ ጮኼበታለሁ። ያለን ጠንካራ ማሽን አንድ ነው፤ ደንበኛ እየጠበቀ እሱ ሐይቅ ይስላል። ከዚያ ባምባሲ ለሠርግ ሄድኩ፤ ዛሬ ጠዋት ተመለስኩ። ባምባሲ ሰው ሁሉ አይቶኛል፤ ስጨፍርም ጭምር» አለና አለቀሰ። ዘመናይ መፈልፈሏን አላቆመችም።

ሁለተኛው የተጠየቀው ኢዘዲን ነው፤ ከኤልያብ ጋር ጎን ለጎን የሚሠራ፣ ቀጭን፣ ቶሎ የሚናደድ ልጅ። ማሽኑ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሥራውን ጨርሶ ዝም ሲል ፋይሎቹን የከፈተላት እሱ ነው።

«ተራራውን ከሳተላይት የከፍታ መረጃ ያነሳዋል፤ ከዚያ አፈር፣ ድንጋይ፣ ሣር ያለብሰዋል» አላት። «ከባዱ ውኃው ነው። ለጥ ካለ መስተዋት ይሆናል፤ ሰው አያምነውም። ነፋስ ያስፈልገዋል፣ ትንሽ ብቻ። ተራራው ውኃው ውስጥ ሲታይ ከላይኛው ጠቆር ማለት አለበት። ኤልያብ ለውኃው ብቻ አንድ ወር ፈጅቷል።»

«አሁን ሲሠራ የነበረውስ?»

«ሬንደር ነው። ማሽኑ የታዘዘውን አንድ በአንድ ምስል አድርጎ ያወጣል። ለአሥር ሰከንድ ፊልም ሁለት መቶ አርባ ምስል። አንዱ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው ያስጀመረው።»

ዘመናይ ዝርዝሩን በጣቷ ተከትላ ወረደች። ምስሎቹ በየአሥራ ሁለት ደቂቃው ተቀምጠዋል። መቶ ስልሳኛው እሁድ አሥራ አንድ ሰዓት። ከዚያ ክፍተት። መቶ ስልሳ ሁለተኛው አንድ ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው። ከመሐል ያለችውን መቶ ስልሳ አንደኛዋን ኢዘዲን ዞር ሲል ከፈተቻት፤ ከላይ ሰማይና ተራራ አለ፤ ከወገቧ በታች ጥቁር ናት።

«መብራት ሄዶ ቢመጣ ማሽኑ ራሱ ይቀጥላል?» ብላ ኢዘዲንን ጠየቀችው።

«አይቀጥልም። ሰው መክፈት፣ የይለፍ ቃል ማስገባት፣ ከዚህ ቁጥር ጀምር ብሎ ማዘዝ አለበት።»

«ቃሉን ማን ያውቃል?»

ኢዘዲን የገባበት ገባው። «ኤልያብ...» አለ፣ «እና እኔ።»

ማሽኑን ለራሱ ሥራ ፈልጎ ቅዳሜ ከኤልያብ ጋር አንገት ላንገት መያያዛቸውን ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። እሁድ የት እንደዋለ የሚመሰክርለት የለም። የዘመናይ አለቃ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም፤ ኢዘዲን በዚያው ምሽት ታሰረ፣ ማሽኑም ታሸገ።

ዘበኛው ጋሽ ሐመድ የመጨረሻው ናቸው። የበርታ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛ ስለሚከብዳቸው ለያንዳንዱ ቃል ያስባሉ።

«እሁድ ስምንት ሰዓት ሸዋሉል ምሳ ይዞ መጣ። እኔ አየ። ከዚያ ዝናብ መጣ፣ ወላሂ እንደሱ ዝናብ የለም። መብራት ሄደ፣ ስምንት ከሃያ። ቤቴ ገባሁ፣ በር አላየም።»

«ጄኔሬተሩስ?»

«ጮኸ፣ ጮኸ፣ ትንሽ። ከዚያ እኔ ለዐስር ሶላት መስጊድ ሄደ። ዝናብ እዚያ ያዘኝ። ዐሥር ተኩል ስመለስ ዝም ነው። አልሐምዱሊላህ፣ መብራት መጣ፣ አልኩ።»

«ዝም ነበር? እርግጠኛ ነዎት?»

«ጄኔሬተር ጓሮ ሲጮህ ራሴ ያመኛል። ያ ቀን አላመመኝም።»

ዘመናይ ፍልፈላዋን አቆመች፤ ሽማግሌው ግን አልዋሹም ነበር።

ሸዋሉል ጥቁር ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ ዐይኗ አብጦ፣ አጭር መልስ ሰጠች። «ምሳ አምጥቼለት ወዲያው ወጣሁ። ተኝቶ ነበር፤ ሁለት ሌሊት አልተኛም። አልቀሰቀስኩትም።» ስለ ኢዘዲን ሲነሳ አቀረቀረች።

ማክሰኞ ዘመናይ ወደ ሥራ ስትገባ አንድ ሽማግሌ ፖሊስ ጣቢያው ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። አሮጌ ኮት ብቻ ለብሰው በዝናቡ ብርድ ይንቀጠቀጣሉ። ረቡዕም እዚያው ናቸው። ከቤታቸው በጎረቤት ልጅ ባጃጅ መጥተው እስኪመሽ ይቀመጣሉ።

«አባ ሞላ ነዎት?»

«ነኝ የኔ ልጅ። ሐይቄን አሽገሻታል አሉኝ። መች ትፈቺልኛለሽ?»

አጠገባቸው ተቀመጠች። እፍኝ ለውዝ ዘረጋችላቸው፤ እጃቸውን አላነሱም። «ለውዝ ይውሰዱ አባ» ስትል እጃቸው አየር ላይ ፈለገና መዳፏን አገኘ።

«ብርድ ነው፤ ጋቢ የለዎትም?»

«ነበረኝ እኮ። ልጄ ሸዋ አጥባው ነበር፤ ከእሁድ ወዲህ ጠፋኝ። ብጠይቃት ታለቅሳለች፤ ተውኳት።» ትንሽ ቆዩና «ኤልያብን አታውቂውም አይደል?» አሉ። «ማታ ማታ ይመጣል። ‹አባ፣ ጀንበር ስትወጣ ውኃው ምን ይመስላል?› ይለኛል። እኔ አወራለሁ፣ ሸዋ ትጽፋለች። የወለድኩት ልጅ እንደሱ ጠይቆኝ አያውቅም። አሁን ማን ይጠይቀኛል?»

ዘመናይ በሥራዋ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ የዚህን ሽማግሌ ጥያቄ ግን መሸከም አቃታት። ተነሥታ ወደ እስር ቤቱ ሄደችና ኢዘዲን ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። መሐል ላይ መብራት ሲሄድ እናንተ ከየት ትቀጥላላችሁ?»

«የመጨረሻዋን ምስል ሰርዘን ከሷ እንጀምራለን» አለ ኢዘዲን ሳያመነታ። «እየተጻፈች የተቋረጠች ስለሆነች ጎዶሎ ናት። መብራት እንደ አሶሳ በሚመላለስበት አገር ይሄን የማያውቅ ባለሙያ የለም። ለምን?»

ዘመናይ የቀረውን ለውዝ ሁሉ እጁ ላይ አፈሰሰችለት።

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሁሉንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሙሉጌታ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ኢዘዲን ከአንድ ፖሊስ ጋር መጣ። ጋሽ ሐመድ በሩ አጠገብ ባርኔጣቸውን ይዘው ቆሙ። ሸዋሉል አባቷን እየመራች አስገብታ የኤልያብ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ሌላ ወንበር አልነበረም።

«ከጄኔሬተሯ እጀምራለሁ» አለች ዘመናይ። «መብራት ስምንት ከሃያ ሄዶ የተመለሰው አሥራ ሁለት ተኩል ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል። ምስሎቹ ግን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አልተቋረጡም። ስለዚህ ጄኔሬተሯ እስከዚያ ሠርታለች። ጋሽ ሐመድ ደግሞ ዐሥር ተኩል ላይ ጓሮው ዝም ነበር ይላሉ።»

«ወላሂ ዝም» አሉ ጋሽ ሐመድ።

«ሁለቱም እውነት ነው። ጓሮ ስላልነበረች። የኋላው በር ተዘግቶ ኮሪደሩ ውስጥ ነበረች። ጥቀርሻዋ ኮርኒሱ ላይ አለ። ጋዙ በቀርከሃው ክፍተት አልፎ ክፍሉን ሞላ። በኋላ አንድ ሰው ጓሮ መልሷት ወለሉን ወለወለ፤ ከሥሯ ያለው አፈር ግን በዝናብ የተበሳሳ ነው። የተመለሰችው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው ማለት ነው።»

«ማን?» አለ ሙሉጌታ።

«ቆይ። ያ ሰው ኤልያብን ሞቶ ካገኘው በኋላ ሦስት ነገር አደረገ። መነጽሩን አውልቆ አስቀመጠለት። ጋቢ አለበሰው፤ ሸሚዙ ጭስ ሲሸት ጋቢው አይሸትም፣ ሲሞት አልለበሰውም። ሦስተኛው ደግሞ መብራት ሲመጣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ማሽኑን ከፍቶ ሐይቁን ማስቀጠሉ ነው። ሬሳ አጠገብ ተቀምጦ።»

ዘመናይ ወደ ኢዘዲን ዞረች።

«ኢዘዲን አይደለም። እሱ ማሽኑን ለራሱ ሥራ ነበር የፈለገው፤ የጠላውን ሐይቅ አያስቀጥልም። ቢያስቀጥልም ከመቶ ስልሳ አንደኛዋ ይጀምር ነበር። ይሄኛው ሰው የመጨረሻዋን ቁጥር አይቶ ቀጣዩን፣ መቶ ስልሳ ሁለትን ጻፈ። ጎዶሎዋ ምስል ጎዶሎ ሆና ቀረች። ባለሙያ አይደለም፤ ባለሙያ ሲሠራ ከትከሻው በላይ ሆኖ ሲያይ የኖረ፣ የይለፍ ቃሉን ጣቶቹን አይቶ የሚያውቅ ሰው ነው። አቶ ሙሉጌታ ባምባሲ ነበር። ጋሽ ሐመድ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም።» ዘመናይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ነፍሰ ገዳይ ይሸሻል። የሚያስቀጥለው ሐይቁ እንዲቆም የማይፈልግ ሰው ብቻ ነው። ጋቢውም የአባ ሞላ ነው። ሸዋሉል፣ እህቴ፣ ምን ሆነ?»

ሸዋሉል አልካደችም። ለመካድ የሚያስችል አቅም ከእሁድ ጀምሮ አልነበራትም።

«ተኝቶ ነበር» አለች። «ዩፒኤሱ መጮኽ ጀመረ። መብራት ሲሄድ ማሽኑን የሚያቆየው ያ የባትሪ ሳጥን ከሩብ ሰዓት በላይ አይቆይም። ኤልያብ ‹መብራት ከሄደ ጄኔሬተሩን አስነሺ፣ እንዳይቆም› ብሎኝ ነበር። ጓሮ አስነሣኋት፣ ግን መጠለያው የለም፣ ዝናቡ በላይዋ ወረደ። ጎትቼ ኮሪደር አስገባኋት። ዝናቡ ሲገባ የኋላውን በር ዘጋሁት። ድምፁ እንዳይቀሰቅሰው የሱንም በር ዘጋሁት። ሁለት ሌሊት አልተኛም ነበር... ከሰል እንደሚገድል አውቃለሁ። ማንም ያውቃል። ይሄ ግን ጭሱ እንኳ አይታይም። ለአባዬ የዐይን ጠብታ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር፣ ሄድኩ። ጎርፉ መንገድ ዘግቶ ያዘኝ። ይበርደዋል ብዬ ጋቢ ይዤ ስመለስ...»

«ጋሽ ሐመድ ከመግሪብ እስከ ዒሻ መስጊድ ናቸው፤ ስትገቢም ስትወጪም አላዩሽም» አለች ዘመናይ። «ለምን አልተናገርሽም?»

«ከተናገርኩ ማሽኑ ይዘጋል። የአባዬ ዐይን ደግሞ አይጠብቅም። እንዳይቆም ብሎኝ ነበር። ሌላ የቀረኝ ነገር የለም፤ እንዳይቆም አደረግሁ።»

«ኢዘዲን ሦስት ቀን ታስሯል።»

ሸዋሉል ወደ ኢዘዲን ዞረች። «ይቅር በለኝ» አለች። ኢዘዲን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዘመናይ ማሽኑ ላይ ያለውን እሽግ ቀደደች። ሕጉ ይፈቅዳል አይፈቅድም የሚለውን ለአለቃዋ ትታለች። ኢዘዲን ምስሎቹን አከታትሎ ፊልሙን ከፈተው።

ሐይቁ ተከፈተ። ጀንበር ከተራራው ጀርባ ገና ብቅ ልትል ነው፤ ጭጋጉ ከውኃው ላይ እየተላቀቀ ይነሳል፤ ተራራው ውኃው ውስጥ ጠቆር ብሎ ይታያል፤ ዋርካው ዳር ላይ ቅጠሉን ያነቃንቃል። ሙሉጌታ አፉን በእጁ ያዘ። ጋሽ ሐመድ «ሱብሐን አላህ» አሉ። ሰባተኛው ሰከንድ ላይ ውኃው ለቅጽበት ጠቆረና ተመለሰ፤ መቶ ስልሳ አንደኛዋ ናት። አሥሩ ሰከንድ አለቀና እንደገና ከመጀመሪያው ተነሳ።

አባ ሞላ ፊታቸውን የማሽኑ ማራገቢያ ወደሚያንሾካሹክበት አዙረዋል።

«ተከፈተ?» አሉ።

«አባዬ፣ ፊትህ ነው እኮ» አለች ሸዋሉል።

ዘመናይ ከረቡዕ ጀምሮ የጠረጠረችውን ማንም እንዳይናገረው በልቧ እየለመነች ጠበቀች፤ የተናገሩት ግን ራሳቸው ሽማግሌው ነበሩ።

«ከሰኔ ጀምሮ ብርሃን የለኝም የኔ ልጅ። ጥላ ጥላ ይታየኛል እያልኩ ዋሸኋችሁ።»

ሸዋሉል መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጄኔሬተሯን በዝናብ ጎትታ ማስገባቷ፣ በሩን መዝጋቷ፣ ሬሳ አጠገብ ተቀምጣ ሐይቁን ማስቀጠሏ፣ ሁሉም ከሁለት ወር በፊት ለጠፋ ዐይን ነበር። «ለምን?» ብቻ አለች።

«ብነግራችሁ መጠየቅ ትተዋላችሁ። ኤልያብ ‹ውኃው ምን ይመስላል?› ሲለኝ፣ ያን ጊዜ ነበር እማየው። ሲጠይቀኝ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ያን እንዳላጣ ፈራሁ።» እጃቸውን ዘርግተው ራሷን አገኙ። «እኔ ነኝ የገደልኩት፤ አንቺ አይደለሽም። አብሽሪ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ወደ ፊት ራመድ አለ። ዘመናይ በእጇ «ቆይ» አለችው።

«በይ ንገሪኝ» አሉ አባ ሞላ። «ምን ሠራልኝ?»

ሸዋሉል እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ ስክሪኑን አየች።

«ጠዋት ነው» አለች። «ጀንበር አልወጣችም፤ ልትወጣ ነው። ጭጋጉ ከውኃው እየለቀቀ ነው።»

«ዋርካው?»

«አለ። በግራ፣ እንዳልከው። ቅጠሉ ይንቀሳቀሳል።»

«ውኃውስ፣ ለጥ ብሏል?»

«አልተኛም። ትንሽ ነፋስ አለው። ተራራው ውስጡ ይታያል፣ ከላይኛው ይጠቁራል...» ድምፅዋ ተቋረጠ።

«ምን ሆነ?»

«ምንም አባዬ። ለአንድ አፍታ ጨለመና ተመለሰ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዐይናቸው ተከፍቶ ፊታቸው ረጥቧል። «እሱ ነው» አሉ። «ድገሚልኝ።»

ሸዋሉልም ከመጀመሪያው ጀመረች።